ጉዲፈቻ ከወለደችህ እናት አይቆርጥህም

ደሴ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ በጉዲፈቻ ወጥተው ባሕር ማዶ ያደጉ ወጣቶች ደጋግመው ይጽፉልኛል፦ «በ2010 ጉዲፈቻ ስለታገደ ወላጅ እናቴን መፈለግም ክልክል ነው አሉኝ።»

ውሸት ነው። አዋጅ 1070/2010 የከለከለው ልጅ ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠትን ነው። ቤተሰብ መፈለግን አይነካም።

እንዲያውም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩና መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ ያሳደገው ይቀድማል። ስለዚህ መፈለግ ክህደት አይደለም፤ ያሳደጓችሁም ይህን ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ከየት ይጀመር?

1. ከፍርድ ቤት ውሳኔው። ያለ ፍርድ ቤት ማጽደቂያ ጉዲፈቻ አይጸናም። ልጁ የኮምቦልቻ ቢሆንም የውጭ ጉዲፈቻ መዝገብ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ፣ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው።

2. የልደት ቀናችሁን አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። የቀበሌና የአያት ስም ይበልጥ ይጠቅማል።

3. ዲኤንኤ የሚያገናኛችሁ ዘመድም ከተመረመረ ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው የመረጃ ቋት ላይ ግን ሁለቱም ወገን መመዝገብ ይችላል።

«ባልሄድ ኖሮ ማን እሆን ነበር?» ለሚለው መዝገብ መልስ የለውም። ጥያቄው ግን ያማል፤ ብቻችሁን አትያዙት። እናት ሳታውቅ በድንገት በሯ ላይ አትቁሙ፤ አስቀድሞ የሚያናግር ሽማግሌ ላኩ።

የውሳኔ ወረቀት ይዛችሁ ማንበብ ያቃታችሁ ጻፉልኝ። ስም በአደባባይ አትለጥፉ።