የቻርልስተን ከተማ አሮጌ የሕዝብና የንግድ ሕንጻዎች

በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ የአትላንቲክ ዳርቻ ካሉት የቈዩ ወደቦች አንዷ ቻርልስተን ናት። ከተማዪቱ በአሽሊና በኩፐር ወንዞች መካከል ምላስ መስሎ በወጣ መሬት ላይ የተቈረቈረች ስትሆን፥ ሀብቷ በመጀመሪያ ከሩዝና ሰማያዊ ቀለም ከሚወጣበት ተክል፥ ኋላም ከጥጥ የተገኘ ነው። ይህን ሁሉ የሚያበቅሉትና የሚጭኑት ከአፍሪካ የተጋዙ ባሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። ስለዚህ የከተማዪቱን ሕንጻዎች ለመረዳት ዐምዱንና ጣራውን መመልከት ብቻ አይበቃም፤ በደጁ ምን ይሸጥበት እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በብሮድ ጐዳና ምሥራቃዊ ጫፍ የቆመው የነጋዴዎች መሰብሰቢያና የጉምሩክ ቤት ከ1767 እስከ 1771 ድረስ ተሠራ። በ1773 ከእንግሊዝ መጥቶ ቀረጡ አልከፈልም የተባለው ሻይ በምድር ቤቱ ተከማቸ፤ እንግሊዞች ከተማዪቱን በያዙበት ከ1780 እስከ 1782 ባለው ጊዜም ይኸው ምድር ቤት ወህኒ ሆነ። በ1788 የደቡብ ካሮላይና ጉባኤ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያጸደቀው በዚሁ ቤት ነው። ነገር ግን ስለ ነጻነት በተመከረበት በዚህ ሕንጻ አጠገብ፥ በስተ ሰሜን በኩል፥ ሰዎች በሐራጅ ይሸጡ ነበር።

የከተማው ምክር ቤት ይህን የአደባባይ ሐራጅ በ1856 ከለከለ። ሕጉ የነካው ግን የሚታይበትን ስፍራ እንጂ ንግዱን አልነበረም። ነጋዴዎቹ ወደ ጓሮ ገቡ፤ ከእነዚህም አንዱ በቻልመርስ ጐዳና የነበረው የራየን ገበያ ነው። በግቢው ውስጥ ባሮቹ ተዘግቶባቸው የሚያድሩበት ባለ አራት ደርብ የጡብ ቤት፥ ወጥ ቤትና የሬሳ ማኖሪያ ሳይቀር ነበረ። ሐራጁ እስከ 1863 ቈየ። ዛሬ የሚታየው ከፍ ያለ ቅስት ያለው የሐራጅ አዳራሽ በ1938 ቤተ መዘክር ሆነ፤ በከተማው አስተዳደር ሥር ታድሶ በ2007 እንደ ገና ተከፈተ።

ብዙ ጐብኚዎች ይህን ታሪክ ለትልቁ የከተማ ገበያ ይሰጡታል፤ ስሕተት ነው። የገበያው መሬት በ1788 የፒንክኒ ቤተ ሰብ ለገበያነት ብቻ እንዲያገለግል የሰጠው ሲሆን፥ በላዩ የተሸጠውም ሥጋ፥ ዓሣና አትክልት ነው። በ1841 የተሠራው የፊቱ አዳራሽ የግሪክ ቤተ መቅደስ መስሎ፥ ከዐምዶቹ በላይ የበሬና የበግ ራስ ቅርጽ ተደርጎበታል፤ ለልኳንዳ የሚስማማ ጌጥ ነው። ጥንብ አንሣዎች የሥጋውን ትራፊ እየለቀሙ ስፍራውን ያጸዱ ነበርና በከተማዪቱ የተከበሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ባሮች ከገበያው የራቁ አልነበሩም፤ ከሻጮቹ መካከል ብዙዎቹ በባርነት ያሉ ሴቶች ነበሩ። ዛሬም የጉላ ሕዝብ የሚባሉት የእነዚያ አፍሪካውያን ተወላጆች፥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣውን የሣር ስፌት በዚያው ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ይሸጣሉም።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከ1800 እስከ 1804 የተሠራው ለባንክ ነበር፤ በ1818 ለአስተዳደሩ ተላለፈ። በ1853 የተጀመረው አዲሱ የጉምሩክ ቤት ደግሞ ሥራው ተቋርጦ ቈይቶ በ1879 ብቻ ተፈጸመ። ነሐሴ 31 ቀን 1886 የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ብዙ ግድግዳ ሰንጥቋል፤ በየቤቱ የሚታየው የብረት ማሰሪያ ከዚያ ጋራ ይያያዛል። በ1931 ከተማዪቱ የአሮጌ ሰፈሯን መልክ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በአሜሪካ የዚህ ዐይነት የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ሕጉ የሕንጻውን ውጫዊ ገጽ ጠበቀ፤ በውስጡ ስለ ተደረገው ግን መናገር ሌላ ጊዜ ጠየቀ። በባርነት ስለ ነበራት ድርሻ ይቅርታ የጠየቀችው በ2018 ሲሆን፥ ምክር ቤቱ በዚያው በቀድሞው ባንክ ተሰብስቦ ውሳኔውን ያሳለፈው በ7 ድምፅ ለ5 ነው።

ከ1806 እስከ 1808 የባሪያ መርከቦች እንዲያራግፉበት በሕግ የተወሰነው የጋድስደን መርከብ መቆሚያ ለብዙ ዘመን ምልክት አልነበረውም። በ2023 የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ዓለም አቀፍ ቤተ መዘክር በዚያ ተከፈተ። ሕንጻው በዐምዶች ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ሆኖ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ክፍት ነው።