ለፎቶው የሰጡት ስም የት ነው ያለው?

አንድ ሰው የቤተሰቡን የድሮ ፎቶዎች ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል። በፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም አንድ በአንድ እየከፈተ እነማን እንደሆኑ፣ መቼና የት እንደተነሡ ሲጽፍ ያመሻል። ከዚያ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ ለእህቱ ይልካል። እህቱ ስትከፍተው ፎቶው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስሙና ቀኑ ግን የለም። ፍላሹ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልገባም። ጽሑፉ ሲጀመርም ፎቶው ውስጥ አልነበረም።

እንደ ላይትሩም ክላሲክና ዲጂካም ያሉ ፕሮግራሞች መረጃ የሚያስቀምጡበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ የራሳቸው ዳታቤዝ ነው፤ ላይትሩም ካታሎግ ይለዋል። ሌላው የፎቶው ፋይል ራሱ ነው። በወረቀት ፎቶ ዘመን ቢሆን የመጀመሪያው ቤት የሚቀር ደብተር፣ ሁለተኛው በፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ የሚጻፈው በሆነ ነበር። ፎቶው ለዘመድ ሲሰጥ አብሮት የሚሄደው የጀርባው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ፋይሉ ላይ አይጽፉም? አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው። ሺህ ፎቶ መርጠው «ጥምቀት» የሚል ቃል ቢሰጡ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ሥራው ወዲያው ያልቃል፤ ሺህ ፋይል ከፍቶ መጻፍ ግን ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ደኅንነት ነው። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፎቶው ሊበላሽ ይችላል። ጥንቁቅ ፕሮግራም ስለዚህ አዲሱን ቅጂ በጎን ጽፎ ይጨርስና ከዚያ በኋላ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል።

ፋይሉን ቀረብ ብለን እንየው። ጄፔግ ፎቶ ከምስሉ በፊት የመረጃ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል ከ64 ኪሎባይት አይበልጥም። ካሜራው የሚሞላው ኤክዚፍ ይባላል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የወጣ ደረጃ ሲሆን ሰዓትን፣ ሌንስንና የፎቶውን አቅጣጫ ይይዛል። እኛ የምንሰጠው መግለጫ፣ ስምና የደረጃ ኮከብ በአብዛኛው የሚገባው አዶቤ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤክስኤምፒ የሚባል ደረጃ ውስጥ ነው። ኤክስኤምፒ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ኪሎባይት ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ነገ ጽሑፉ ቢረዝም የቀረውን ፋይል መግፋት ሳያስፈልግ እዚያው ይሰፋል። ምስሉ ራሱ አይነካም። መግለጫውን መቶ ጊዜ ቢያርሙ የፎቶው ጥራት አይቀንስም።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከኤክስኤምፒ የሚቀድም አይፒቲሲ የሚባል የዜና ድርጅቶች ደረጃ አለ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም ጎን ለጎን ይጽፉታል። ለፎቶ አንሺው ስም የሚሰጠው 32 ባይት ብቻ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም። «ወልደገብርኤል ገብረመስቀል» ብለው ቢጽፉ፣ ደንቡን አጥብቆ የሚከተል ፕሮግራም «ወልደገብርኤል ገብ» ላይ ይቆርጠዋል። ኤክስኤምፒ ይህ ገደብ የለበትም፤ ምርጫ ካለዎት እሱን ይያዙ። የኤክዚፍ ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚሞላ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ በቀኑ ቦታ 1973 ወይም 1974 ይሁን፣ «1966 ዓ.ም.» የሚለው መግለጫው ውስጥ ይግባ።

የካሜራ ሮው (ጥሬ) ፋይል ሲሆን አሠራሩ ይለያል። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን መንካት ስለማይፈልጉ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ከጎኑ ያስቀምጣሉ። ከፕሮግራሙ ውጭ ፎቶውን ብቻ ወስደው ትንሹን ፋይል ከተዉት፣ የጻፉት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ከዳታቤዙ ወደ ፋይሉ ማስተላለፍ ቀላል ነው። ላይትሩም ክላሲክ ላይ ፎቶዎቹን መርጠው ኮንትሮል ኤስ ይጫኑ፣ ወይም በቅንብሩ በራሱ እንዲጽፍ ይዘዙት። ዲጂካም ላይ ለውጡን አጠራቅሞ ሲያዙት ወይም ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚጽፍበት አማራጭ አለ። ጭንቀት የሚመጣው ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም በመሀል ሲቀይረው ነው። ያኔ ላይትሩም ምልክት አሳይቶ «ከፋይሉ ልውሰድ ወይስ በካታሎጉ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የትኛው አዲስ እንደሆነ ሳያረጋግጡ የሚሰጡት መልስ የአንድ ሳምንት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። ላይትሩም ላይ የሠሯቸው ስብስቦች ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ካታሎጉንም ባክአፕ ያድርጉ።

ፎቶዎቹን ለሰው ከመስጠትዎ ወይም ኮምፒውተር ከመቀየርዎ በፊት አንዱን ብቻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይውሰዱና ዝርዝር መረጃውን ይክፈቱ። ጽሑፍዎ እዚያ ከታየ የቀረውን ይገልብጡ። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ የጻፉት ይጠፋል።