ጎል አግቢው አሠልጣኝ በሆነ ጊዜ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥተን የኦፋ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ወደ ገሱባ በሄድን ጊዜ የገበያ ቀን አልነበረም። ስለዚህ ሜዳው የልጆች ነበረ። ከፊሎቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው፥ ከፊሎቹ እንደ ለበሱ፥ በሁለት በሁለት ድንጋይ ግብ አበጅተው ኳስ ይጫወታሉ። ከሜዳው ዳር አንድ ወጣት ቆሞ ይመለከት ስለ ነበረ ሰላምታ ሰጥተን አነጋገርነው። ትምህርቱን ጨርሶ በቅርብ ጊዜ መሥሪያ ቤት የገባ፥ በኳስም በሰፈሩ የታወቀ ነው። ልጆቹ «አሠልጥነን» ብለው እንደ ለመኑት ነገረንና፥

«ጌቶቼ፥ ገና ራሴ መጫወት ስችል ዳር ቆሜ ልጩህን? ጎል የሚያገባው ይመሰገናል፤ ዳር የሚቆመውን ማን ያስታውሰዋል?» ሲል ጠየቀን።

በዚያን ሰዓት የሰጠነው መልስ እኛን ራሳችንን አላጠገበንም። ስለሆነም ዛሬ በዚህ ዓምድ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ በማንሣት ልንመልስለት ወደድን። ሰውየው መንግሥቱ ወርቁ ናቸው።

የመንግሥቱን ስም የማያውቅ የኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አጥቂ ነበሩ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን በመጀመሪያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈ። እሑድ ጥር 13 ቀንም ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን ለፍጻሜው ገጠመ። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ሆነና መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መንግሥቱ አራተኛውን ጨመሩና ነገሩ ተቆረጠ። ዋንጫውን የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱም በውድድሩ 3 ጎሎች አግብተው ከግብፁ ከባዳዊ ጋር በአግቢነት አንደኛ ሆኑ።

በዚያ ውድድር ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስና በብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ ሰው እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። ከሜዳ ወደ ሜዳ ዳር፥ ከሜዳ ዳርም ወደ አስተዳደር ተሸጋግረው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እንግዲህ መንግሥቱ ተጫዋች ሳሉ፥ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት የተሻገረ ሰው በፊታቸው ነበራቸው ማለት ነው።

መንግሥቱም በተራቸው ተሻገሩ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከተገኙት 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፥ አሠልጣኟ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ምድባቸው ቤንጋዚ ላይ ሲሆን እጅግ የከበደ ነበረ። የቀደመውን ዋንጫ የያዘችው ናይጄርያ 3 ለ 0 አሸነፈች። ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፈች። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ከአልጀርያ ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ። አልጀርያ አስቀድማ ሁለቱን ጨዋታ አሸንፋ ማለፏን ያረጋገጠች መሆኗ እውነት ነው። ቢሆንም በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ያስደነቀችው ያችው አልጀርያ ናት፤ ይህም የሆነው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ1954 ዓ.ም. በሁለት ጨዋታ 3 ጎል ያገቡት ሰው፥ በ1974 ዓ.ም. ቡድናቸው በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ቀረ። ኳሷ በግቡ ፊት በተንከባለለች ቁጥር እንዴት እንደምትመታ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ገብተው ሊመቷት አይችሉም። የአሠልጣኝ ሥራ ምንነት በሙሉ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ተጫዋች የሚያውቀውን በእግሩ ይሠራዋል፤ አሠልጣኝ ግን የሚያውቀውን በሌላ ሰው እግር ማሠራት አለበት። የመጀመሪያው ተሰጥዎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ትዕግሥትና ጊዜ ይጠይቃል።

ጊዜ ያልንበትን ምክንያት ከቡልጋሪያ በተገኘ ምሳሌ እናስረዳ። ዲሚታር ፔኔቭ የሶፊያው ክለብ የሴስካ ተከላካይ ነበረ። ለአገሩም በ1966፥ በ1970 እና በ1974 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫዎች ተሰልፏል። በእነዚያ ዘመናት ቡልጋሪያ በዓለም ዋንጫ አንድም ጨዋታ አሸንፋ አታውቅም ነበር። ፔኔቭ በኋላ በዚያው በክለቡ አሠልጣኝ ሆኖ እንደ ስቶይችኮቭ ያሉትን ወጣቶች ይዞ ሠራ፤ ቀጥሎም ብሔራዊውን ቡድን ተረከበ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገው ውድድር ቡልጋሪያ አርጀንቲናን 2 ለ 0፥ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ አራተኛ ወጣች። ሰውየው በተጫዋችነቱ ያላገኘውን ድል በአሠልጣኝነቱ አገኘው። ድሉ ግን የአንድ ወር ሥራ አልነበረም፤ ስቶይችኮቭን የዓለም ዋንጫ ሳይመጣ ከብዙ ዓመት በፊት በክለብ ሳለ ያውቀዋል።

በእኛ አገር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። መንግሥቱ ወርቁ ይህን ሳያዩ በ2003 ዓ.ም. ዐረፉ። በ2005 ዓ.ም. አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዘው ሄዱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበረ፤ ያውም ዋንጫውን ከያዘችው ዛምቢያ ጋር። አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። ቤንጋዚ ላይ የጠፋችው ጎል በዚያች አገር ላይ ተገኘች። ቀኑም ጥር 13 ነበረ፤ ዋንጫውን ከወሰድንበት ቀን ልክ 51 ዓመት።

ይህን ስንጽፍ ቀኑ ተአምር ሠራ ለማለት አይደለም። ሠላሳ አንዱን ዓመት ለማሳየት ነው። ጎል የሚያገባ ልጅ በየሰፈሩ ይወለዳል፤ የሚያውቀውን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስረክብ ሰው ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ትውልድ ከአንድ ብሎ ይጀምራል።

ነገሩም በኳስ ብቻ አይወሰንም። ጎበዝ ጸሐፊ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፥ የሥራ ባልደረቦቹን ከማስተማር ይልቅ ደብዳቤውን ሁሉ ራሱ ሲጽፍ አይተናል። በተማሪነቱ አንደኛ የነበረው መምህር ሲሆን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ሒሳብ ራሱ ሠርቶ፥ ራሱ ተደስቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ገና ተጫዋቾች ናቸው፤ ከሜዳው አልወጡም።

አሁን ወደ ገሱባው ወዳጃችን እንመለስ። ወንድማችን ሆይ፥ ከአንተ ከተማ ሩቅ ያልሆነው የሶዶው ክለብ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የካይሮውን ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ እንደ ጣለ አንተ ከእኛ በተሻለ ታውቃለህ። እነዚያ ተጫዋቾች በልጅነታቸው በአንድ ሜዳ ላይ፥ ምናልባትም በድንጋይ ግብ፥ ኳስ ሲመቱ ዳር ቆሞ «እንዲህ አድርግ» ያላቸው ሰው ነበረ። ስሙን እኛ አናነሣም፤ እነሱ ግን ያስታውሱታል።

«ዳር የሚቆመውን ማን ያስታውሰዋል?» ላልከው መልሳችን ይኸው ነው። መጫወቱንም ዛሬውኑ ተው አንልህም። ከልጆቹ ጋር ተጫወት፤ በሳምንት አንድ ቀን ግን ዳር ቁም። ጎል ባገባህ ቀን የሚደሰተው ሰፈርህ ነው። ያስተማርኸው ልጅ ባገባ ቀን ግን አንተም ከሰፈርህ ጋር ትደሰታለህ።