ከጨፋ ሜዳ በላይ፣ መዞሪያው ላይ

በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አማራን ሲያጥለቀልቅ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ገበሬ ማሽላውን ለማዳን ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። የእኛ የአብራሪዎች ድርሻ ከላይ መርጨት ነው።

ከሚሴ አጠገብ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣውን የጨፋ ሜዳ ያየ ሰው ለመብረር የተመቸ ይመስለዋል። ግን በምሥራቅም በምዕራብም ተራራ አለ። መርጨት ማለት መሬት ታክኮ መብረር፣ ጫፍ ሲደርሱ ቀና ብሎ መዞር፣ መልሶ መውረድ ነው። የሚያሰጋኝ መዞሪያው ነው።

በዚያች ቅጽበት ብዙ አብራሪ የሚያየው የፍጥነት መለኪያውን ነው። ክንፍ ግን ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም የማንሳት ኃይሉን የሚያጣው፣ ከሚመጣበት አየር ጋር ያለው ማዕዘን፣ አንግል ኦፍ አታክ የምንለው፣ ከልኩ ሲያልፍ ነው፤ በአብዛኞቹ ቀላል አውሮፕላኖች ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ። ታንኩ ቢሞላም ቢጎድልም፣ አውሮፕላኑ ቢጋደምም ይህ ልክ ያው ነው። የስቶል ፍጥነቱ ግን ይለዋወጣል፤ ከፍታውን ጠብቆ 60 ዲግሪ ተጋድሞ ለሚዞር በ41 በመቶ ይጨምራል።

ሙቀቱም አለ። ርጭት መንጋው ሳይነሣ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራው ግን ወደ ቀትር ይገፋል። ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም 30 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ 2,300 ሜትር ላይ እንዳለው ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ስለሚሄድ መዞሪያው ይሰፋል። ተራራው የቀረበበት አብራሪ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ማዕዘኑ የሚያድገው ያኔ ነው።

ስለዚህ የማዕዘን ጠቋሚ በእያንዳንዱ መርጫ አውሮፕላን ላይ ቢኖር እመኛለሁ፤ በትክክል ካሊብሬት ከተደረገ። ዜሮው መሬት ላይ ይያዛል። ከዚያ አየሩ ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ከስቶል ለማገገም የሚበቃ ከፍታ ላይ ወጥቶ ፍጥነትን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ስቶል የጀመረበትን ነጥብ መመዝገብ ነው። ተደጋግሞ ሲሞከር ያው ነጥብ መምጣት አለበት። ከክንፉ ኋላ ያለው ተዘርጊ ክፍል፣ ፍላፕ፣ ሲወርድ ክንፉ ባነሰ ማዕዘን ስቶል ያደርጋል፤ ያለ ፍላፕ ብቻ የተስተካከለ ጠቋሚ ለማረፍ ሲወርዱ የሌለ ትርፍ ያሳያል። ሴንሰሩ ተነቅሎ ከተመለሰም ሥራው እንደገና ይጀመራል።

አንበጣው ራሱም ያስቸግራል። በታኅሣሥ 2012 ማብቂያ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መንጋ ውስጥ ገብቶ መስታወቱ ስለተሸፈነ አዲስ አበባ ለማረፍ ተገዷል። በትንሽ አውሮፕላን ሴንሰር ላይ የደረቀ የአንበጣ ፈሳሽ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ከእያንዳንዱ ስምሪት በኋላ መጽዳት አለበት።

የተዛባ ንባብ ምን እንደሚያደርስ አገራችን በከባድ ዋጋ አይታለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁበት የ302 በረራ፣ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ 15.3 ነበር። ኮምፒውተሩ የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው።

በትንሽ አውሮፕላን ላይ መሪውን የሚነጥቅ ኮምፒውተር ባይኖርም ሁለተኛ ሴንሰርም አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሚያነጻጽረው አብራሪው ነው። በሚያውቀው ክብደት፣ ክንፉ ሳይጋደም፣ በማረፊያ ፍጥነት ሲበር ጠቋሚው የተለመደ ቦታው ላይ ካልቆመ፣ መንጋው ማሽላው ላይ ሰፍሮም ቢሆን ወደ ጨፋ ሳይወርድ ወደ መነሻው ኮምቦልቻ መመለስ አለበት።