ዊንዶውስ 11ን የጫናችሁ ቀን

«ስታርት የት ሄደ?» ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እጃችን ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሳናዘው ወደ ታችኛው ግራ ጥግ መሄድ ለምዷል። አሁን ጥጉን የያዘው የአየር ሁኔታ ነው፤ ማውሱን ጠጋ ስታደርጉት ያልጠየቃችሁትን ዜና ይዘረግፍላችኋል። ስታርት ደግሞ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ተሰልፎ መሃል ገብቷል። ይባስ ብሎ አዲስ ፕሮግራም በከፈታችሁ ቁጥር ትንሽ ወደ ግራ ሸርተት ይላል፤ መሃሉን የሚጠብቀው ረድፉ በሙሉ ነውና።

አትጨነቁ። ታስክባሩ ላይ ክፍት ቦታ ፈልጋችሁ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ታስክባር ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ታስክባር ቢሄቪየርስ»፣ እዚያ ውስጥ አሰላለፉን ከ«ሴንተር» ወደ «ሌፍት» መቀየር ነው። አለቀ።

ግን ለስታርት ብቻ ብዬ ብዕር አላነሳሁም። አዲስ ዊንዶውስ የጫነ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚፈርደው ዓይኑ ባየው ነገር ነው፦ ጥጉ ክብ ሆነ፣ ቀለሙ ተቀየረ፣ የለመድኩት ጠፋ። ይህ ሁሉ በደቂቃ የሚስተካከል ነው። ትልቁ ለውጥ የተደረገው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው፤ ሥራ የሚያስቆመውም ከጉድ የሚያወጣውም ያለው እዚያ ነው። እኔን ያስገረመኝም እሱ ስለሆነ ገለጥ ገለጥ እያደረግሁ ላሳያችሁ።

የሚታየውን ቶሎ እንጨርሰው። ፋይል ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ የምታውቁት ረጅም ዝርዝር የለም። ከት፣ ኮፒ፣ ሪኔም፣ ዲሊት ወደ ትናንሽ ሥዕሎች ተቀይረው አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ሲወጣ ሥዕሎቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ ሰው ካጉረመረመ በኋላ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው 24ኤች2 በተባለው ስሪት ስማቸው ከሥራቸው ተጻፈላቸው። አሮጌው ዝርዝርም አልሞተም፤ ሺፍትን ተጭናችሁ ራይት ክሊክ ካደረጋችሁ እንዳለ ይመጣል።

ደስ የሚያሰኙም አሉ። የዊንዶውስ ቁልፍን ከዜድ ጋር ስትጫኑ ስክሪኑን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት የሚከፋፍል ሥዕል ይወጣል፤ አንድ ጎን የምትተረጉሙትን፣ ሌላው ጎን የምትጽፉበትን ማስቀመጥ ነው። ፎልደሮች እንደ ብሮውዘር በታብ ይከፈታሉ። ኖትፓድ ሳታስቀምጡ ብትዘጉት እንኳ ስትመለሱ የጻፋችሁትን ይዞ ይጠብቃችኋል። የራር ፋይል ለመክፈት ሌላ ፕሮግራም መለመን ቀርቷል፤ የይለፍ ቃል ያለበትን ግን አይችልም። ዎርድፓድ ደግሞ ከ24ኤች2 ጀምሮ ጭራሽ ተነስቷል። ያዘነለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰው የተናደደው «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» በሚለው መልእክት ነበር። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩ 64 ጊጋባይት ይሁን ማለቱ አያስቸግርም። ያስቸገረው ሌላ ነው፦ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባል አሠራር፣ ከዚያም ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 2000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር።

ቲፒኤም ምንድን ነው? ሙዳየ ምጽዋትን አስቡ፤ የገባው ገንዘብ በቀዳዳው ተመልሶ አይወጣም። ቲፒኤምም እንደዚያ ነው። የዲስካችሁ መቆለፊያ ምስጢር እዚያው ውስጥ ይጠበቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተነካካ ነገር ካለ ምስጢሩን አይለቅም። ላፕቶፑ ቢሰረቅና ሌባው ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው የሚያየው ትርጉም የሌለው ቁጥር ብቻ ነው። ሴኪዩር ቡት ደግሞ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት የሚሮጠው ፕሮግራም የታመነ ፊርማ እንዳለው ይመረምራል። ከዊንዶውስ ቀድሞ የተነሳ ቫይረስን አንቲቫይረስ ሊያየው ይቸገራል፤ ጥንቃቄው ለዚህ ነው።

ፕሮሰሰሩን የሚመለከተው ሦስተኛው ጥበቃ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» ይባላል። ፕሮሰሰሩ ከዋናው ዊንዶውስ የተለየ ትንሽ ክልል ይከልልና ወደ ሥርዓቱ ልብ የሚገባውን እያንዳንዱን ድራይቨር (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እዚያ ሆኖ ይፈትሻል። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተሠራ አቅም አላቸው፤ አሮጌዎቹ ግን በዙሪያ ጥምጥም ስለሚሠሩት ይከብዳቸዋል። የዘመናት ባለውለታ የሆነው ፕሪንተራችሁ ወይም ስካነራችሁ ከተሻገራችሁ በኋላ እምቢ ካለም አንዱ መጠርጠሪያ ይኸው ነው፤ ድራይቨሩ በአዲሱ ፍተሻ ወድቆ ይሆናል። አዲስ ድራይቨር ከአምራቹ ፈልጉ እንጂ መከላከያውን አጥፍታችሁ አትቀመጡ።

የራሳችሁ ኮምፒውተር መስፈርቱን ማለፉን ለማወቅ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ «አባውት» ግቡና የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። ኮር አይ5-6300ዩ ካለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ ነው ማለት ነው፤ አያልፍም። 8250ዩ ካለ ስምንተኛ ነው፤ ያልፋል። ገበያችን ላይ ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚህ መስመር በታች ናቸው፣ ስለዚህ ስትገዙ ሻጩ «አይ5 ነው» ቢላችሁ በቂ አይደለም፤ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ። ፕሮሰሰሩ አልፎ «ቲፒኤም የለም» ከተባላችሁ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሥርዓት) ውስጥ ተዘግቷል፤ በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልጉት። መስፈርቱን አታልሎ የሚጭን መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፣ እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩም። ለመሞከሪያ ማሽን ይሁን። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ስለተናገረ፣ ደመወዝ የሚሠራበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን አልመክርም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳበት ቦታ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ዊንዶውስን ማሻገርና ፎርማት ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስታሻግሩ ፋይሎቻችሁ፣ ፕሮግራሞቻችሁና ፎንቶቻችሁ ባሉበት ይቆያሉ። ፎርማት ግን ሁሉን ጠርጎ ከባዶ ይጀምራል። ብዙ የጥገና ቤቶች ከባዶ መጫኑ ስለሚቀልላቸው ወደዚያ ያደላሉ፤ ኮምፒውተራችሁን ስታስረክቡ የቱን እንደሚያደርጉ አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ከባዶ የተጫነ 24ኤች2 በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ደግሞ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። አንድም ቃል አይነግራችሁም፣ ሥራም አይጓደልም። ከወራት በኋላ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ወይም ባዮሱ ሲነካ ግን ሰማያዊ ስክሪን ብቅ ይልና 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የተቀመጠው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው የጥገና ቤቱ ልጅ በራሱ ኢሜይል ከሆነ ቁልፋችሁ ያለው እሱ ጋ ነው። የይለፍ ቃሉን የረሳችሁት አካውንት ከሆነም ጉዳዩ ያው ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ሥር «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚለው በርቶ እንደሆነ እዩ፤ በርቶ ከሆነ ቁጥሩን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ገልብጡት።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ፣ ወደ ፊደላችን። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ስሪት ነው። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ማቅረብ ጀመረ፤ ስሙ የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንቱ ማመልከቻ በኒያላ ተጽፏል! ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኒያላ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ተጨማሪ ሆኖ ወደ ጎን ተቀምጦ ዋናውን ቦታ ኤብሪማ ወስዶታል። ውጤቱን ለማየት የድሮ ሰነድ ክፈቱ። ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ኒያላ ከሌለ ሌላ ፎንት ተተክቶ ይገባል፤ መጠኑ ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፣ ሠንጠረዡ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል፣ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም። ሰው «አዲሱ ዊንዶውስ ጽሑፌን አበላሸው» ይላል። አላበላሸውም። ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ግቡና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ፤ ሰነዱን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች የተጻፉት ሰነዶች ግን ሌላ ጣጣ አላቸው። በእነሱ ውስጥ ፋይሉ የያዘው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በፎርማት ሲጠፋ የአባታችሁ የውርስ ሰነድ የጥያቄ ምልክት፣ የቅንፍና የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ነው፦ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ወደሚለው ፎልደር ግቡና የአማርኛ ፎንቶቻችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። እግረ መንገዳችሁን እነዚያን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ብትቀይሯቸው ይህ ጭንቀት ለዘለቄታው ይቀራል። ኪቦርድ በኩል ችግር የለም፤ የአማርኛ መጻፊያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አለ፣ ቋንቋ ለመቀያየርም የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው።

ስለ ፍጥነት የመጀመሪያውን ቀን አትመኑ። አዲሱ ሥርዓት ከገባ በኋላ ፋይሎቻችሁን ለፍለጋ እንደገና ይመዘግባል፣ አፕዴት ያወርዳል፣ ድራይቨር ያሟላል፤ በዚህ ጊዜ ፋኑ ይጮኻል፣ ማሽኑ ይሞቃል። ከሰነበተም በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነና ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ ማስገባት ይሻላል። ጨርሶ ካልተዋጠላችሁ ደግሞ እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል፤ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ»። አሮጌው ሥርዓት ዊንዶውስ ዶት ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧልና ቦታ በላ ብላችሁ ቶሎ አታጥፉት።

ዳታ ቆጥባችሁ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ላክል። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ነው። ቢሮ ውስጥ በርካታ ኮምፒውተር ካለ ለእያንዳንዱ ለብቻ ከማውረድ በማይክሮሶፍት «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ለሁሉም ተጠቀሙበት። ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ያደርሰዋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ከሌለ አትጀምሩ።

«ታዲያ ዊንዶውስ 10 ምን አለኝ?» የምትሉ አላችሁ። ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተሩ በማግስቱም ይነሳል፣ ዎርዱም ይሠራል፤ የሚቀረው አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው አካል ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለም አይቷል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በየአገሩ የኮምፒውተር ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መልሰዋል። የሚያሳዝነው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተያዙት ያልጫኑትና ድጋፉ ባበቃ ዊንዶውስ የቀሩት ናቸው።

ፕሮሰሰራችሁ የማያልፍ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት አፕዴቱን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል፤ በአካውንታችሁ ገብታችሁ የሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካበራችሁ በነጻ፣ ካልሆነ በ30 ዶላር፤ መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ነጻ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሮጣል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን አፕዴት በማያገኝ ኮምፒውተር የባንክ ሂሳባችሁን አትክፈቱ።