«አራዳ» የሚለው ቃል ልዩ ልዩ ፍችና የአማርኛ ትምህርት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ከተማሪዎቹ አንደበት ከቤት የመጣውንም ከከተማ የመጣውንም ቃል ይሰማል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልዲያ የሚደርሰው መንገድ እህልና ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የአነጋገር ፈሊጥም ያመላልሳል። ከአዲስ አበባ ወጥተው በየከተማው ከተሠራጩት ቃላት አንዱ «አራዳ» ነው። ይህ ቃል በተማሪ ድርሰት ውስጥ ሲገኝ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ብቻ ቢታለፍ ተማሪው የሚያተርፈው ዕውቀት የለም፤ ፍችው ቢመረመር ግን ቃል ትርጉሙን እንዴት እንደሚያበዛ ያስተምራል።

አራዳ በመሠረቱ የቦታ ስም ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የቆመው ገበያ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ የከተማዋ የቀድሞ ጸጥታ አስከባሪም «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ። ስሙ ግን ከቀድሞው ቦታ አልተነቀለም፤ ዛሬም የክፍለ ከተማ መጠሪያ ነው።

ገበያ የዋለ ሰው መደራደርንና መጠንቀቅን ይለምዳል። ስለሆነም «የአራዳ ልጅ» የሰፈሩን ተወላጅ ከማመልከት አልፎ ከተማ ለመደ፣ በቀላሉ የማይታለል ማለት ሆነ። ቀጥሎም ቃሉ ከቦታው ተለይቶ ቅጽል ሆነ፤ «አራዳነት» የሚል ስምም ወጣለት። «አራዳ ናት፤ ዋጋውን ታውቀዋለች» ሲባል ንቁ ማለት ነው። «አራዳ ነው፤ ሳልነግረው ገባው» ሲባል የወዳጁን ችግር የሚረዳ ማለት ነው። «አራዳ ልሁን አትበል» ሲባል ግን ብልጣብልጥነትን መንቀፊያ ነው። «የአራዳ ቋንቋ» ደግሞ የከተማ ወጣቶችን ልዩ አነጋገር ያመለክታል። እንግዲህ ምስጋናውን ከነቀፋው የሚለየው ቃሉ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው፣ አድማጩና የድምፁ ቃና ነው።

ይህ ጠባይ የከተማ ቃል ብቻ አይደለም። «ጎበዝ» በትምህርት ቤት ትምህርት የሚገባው ተማሪ፣ በገጠር ደግሞ ብርቱ ወጣት ማለት ነው፤ በስብሰባ መካከል «ጎበዝ!» ሲባል የተሰበሰበውን ሰው መጥሪያ ነው፤ «የጎበዝ አለቃ» ሲባልም የአካባቢው ሰው የሚከተለው መሪ ነው። «ባላገር» ከ«ባለ» እና ከ«አገር» የተገኘ የክብር ቃል ሲሆን፣ በከተሜ አፍ አንዳንድ ጊዜ መናቂያ ሆኗል።

ጉዳዩ ከሰዋስው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የ«አራዳ» ተቃራኒ «ፋራ» ነው፤ ይኸውም ያልነቃ፣ የከተማ ወግ የማያውቅ ማለት ነው። ለትምህርት ከገጠር ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ የመጣ ልጅ በዚህ ስም ከተጠራ በክፍል ውስጥ ከመናገር ሊቆጠብ ይችላል። ዝም የሚለውም ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩንና የእርሻውን ቃላት ከቤቱ ይዞ የመጣው ልጅ ነው።

በመሆኑም መምህሩ ሁለቱን ወገን ቃላት በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢያውላቸው ይጠቅማል። ተማሪዎች «አራዳ»ን፣ «ጎበዝ»ንና «ባላገር»ን በልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገር እያስገቡ ማን፣ ለማን፣ የት፣ በምን ስሜት እንደተናገረው ያስረዱ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ «አራዳ» ፈንታ ለማመልከቻ ወይም ለፈተና ድርሰት የሚስማማ ቃል ይተኩ። «ንቁ»፣ «አስተዋይ» እና «አታላይ» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ምትኮች ከአንድ ቃል ሲወጡ የፍችው ብዛት በግልጽ ይታያል። የገጠሩ ልጅም «ጎበዝ»ን ለከተማው ልጅ ሲያስረዳ፣ በዚያ ሰዓት አዋቂው እሱ ይሆናል።