የድምፅ አውታሮች የኮምፒዩተር ሞዴልና የድምፅ መጎርነን

የድምፅ መጎርነን የሕመም ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ኢሺዛካና ፍላናጋን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረቡት የኮምፒዩተር ሞዴል እያንዳንዱ የድምፅ አውታር በሞላ በተያያዙ ሁለት ቁሶች ይወከላል። የሳንባ አየር ቁሶቹን ሲያርገበግብ የሚፈጠረውን ድምፅ ኮምፒዩተሩ ያሰላል። ሁለቱ አውታሮች በእኩል ሲወጠሩ እርግብግቢቱ ሥርዓት ይይዛል፤ በአንድ ወገን ሽባነት እንደሚሆነው የአንደኛው ውጥረት በእጅጉ ሲላላ ግን ይዛባል፤ ድምፁም ይጎረንናል። እባጭ የአንዱን አውታር ክብደት ሲጨምርም ተመሳሳይ መዛባት ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ በጆሮ ብቻ መንስኤውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መጎርነኑ አራት ሳምንት ከዘለቀ፣ ሕመምተኛው አጫሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ማንቁርቱ በመሣሪያ ሊታይ ይገባል፤ በሳል መድኃኒት ብቻ የታለፈ የማንቁርት ካንሰር ጊዜ አይሰጥምና።